«እንብላ» የማይባልበት ገበታ

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ ምሽት፣ ደቡብ ወሎ ከላላ የሚኖሩ አንዲት ዘመዴ በቴሌግራም ፎቶግራፍ ላኩልኝ። ፎቶግራፉ ለወሬ የሚበቃ ነገር የለበትም። በትንሽ ትሪ ላይ የተዘረጋ ጠቆር ያለ እንጀራ፣ መሐሉ ላይ ሽሮ፣ ዳር ዳር የተቆረጠ ቃሪያ። የሦስት ሰው እጅ ወደ ትሪው ተዘርግቷል። ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈችው ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «እንብላ»።

በዚያው ምሽት ስልኬ ላይ ሌሎች የእራት ሥዕሎችም ነበሩ። አንዱ ከቦሌ፣ አንዱ ከዱባይ፣ አንዱ ከዋሽንግተን አካባቢ። በጥሬ ሥጋ የተሞላ ትሪ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ በያይነቱ፣ ስሙን ያልያዝኩት የባሕር ምግብ። ከሥራቸው የምግብ ቤት ስም፣ የልብ ምልክትና የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። ከሁሉም ውስጥ «እንብላ» የሚል አንድም አልነበረም። ከሁሉ ድሃ የሆነው ገበታ ብቻ ነበር የጋበዘኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሰው የበላውን ቢያሳይ ማንን ይጎዳል? ይሁን እንጂ ምግብን ማሳየትና ምግብን መጋበዝ ለረጅም ዘመን አንድ በነበሩበት አገር ሁለቱ ሲለያዩ፣ የተለወጠው ሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። አገሩ ራሱን የሚያይበት መስተዋትም አብሮ ይለወጣል። በተለይ ወሎን በመሰለ፣ የእራት ሥዕል አንድ ጊዜ መንግሥት ባናወጠበት አካባቢ፣ ጉዳዩ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

የተሸፈነው መሶብ

እንደሚታወቀው በአገራችን ምግብ በአደባባይ የሚታይ ነገር አልነበረም። መሶብ ክዳን አለው፤ ክዳኑም ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። በነገሥታቱ የግብር አዳራሽ ንጉሡ የሚበሉት ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። መኳንንቱም ሲበሉ አሽከሮቻቸው ነጠላ ወይም ጋቢ ዘርግተው ከዐይን ይከልሏቸው እንደነበር የየዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። በመንገድ ላይ እያኘኩ መሄድ ዛሬም ቢሆን ለብዙ አዛውንት ነውር ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የተለመደው ምክንያት «ዐይን» ነው። ቡዳ ይበላል ይባላል። ይህ እምነት ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ከሰው ተራ አውጥቶ ለዘመናት ያስበደለ በመሆኑ ማንም ሊናፍቀው አይገባም። ነገር ግን ከአጉል እምነቱ ሥር አንድ ማኅበራዊ ሕግ ተቀብሮ እንደነበር መካድም አይቻልም። ሕጉ «ያየ ይብላ» የሚል ነው። ገበታ ላይ ሳሉ ሰው ከደረሰ «እንብላ» ይባላል። መንገደኛው ባይርበውም «ብሉ፣ ይባርክላችሁ» ይላል። ጋባዡ ምን ያህል ቢቸገር ከመጥራት አይቀርም፤ እንግዳውም ምን ያህል ቢርበው የቤቱን አቅም ሳያይ አይቀመጥም። ሁለቱም ይተዋወቃሉ። ለመጋበዝ አቅም ያጣ ሰው ደግሞ በሩን ይዘጋል፤ ገበታውን ይሸፍናል። መሸፈኑ የሌለውን ሰው ከምኞት፣ ያለውን ሰው ከሐሜት ያድናል።

ወሎ ላይ ይህ ሕግ ሰፋ ብሎ ይታያል። በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜም የሥጋ ዘመድ ነው። የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ሆኖም ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የሚታረድ ለብቻ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ሃይማኖት ማዕዱን ሁለት ሲያደርገው፣ ጨዋነት ደግሞ ግብዣውን አንድ አድርጎ ያቆየዋል ማለት ነው። «አይተኸኛልና ሳላበላህ አትሄድም» የሚለው ደንብ ከእርዱ ልዩነት በላይ ሆኖ ኖሯል።

ዐይንና እጅ ሲለያዩ

በይነ መረብ ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አንድ ሰው እራቱን ለአሥር ሺሕ ሰው ሊያሳይ ይችላል፤ ለአሥር ሺሕ ሰው ግን ሊያጎርስ አይችልም። ዐይን ሩቅ ደረሰ፤ እጅ ባለበት ቀረ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሰዎች በካሜራ ፊት ተቀምጠው ሲበሉ በቀጥታ የሚያሳዩበት ልማድ ተስፋፍቷል። «ሙክባንግ» ይሉታል፤ መብላትና ሥርጭት ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ስም ነው። ብዙ ተንታኞች ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው የሚያነሡት ብቻውን የሚኖርና ብቻውን የሚበላ ሰው መብዛቱን ነው። ስክሪኑ የገበታ ጓደኛ ሆነ።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ብቻውን የሚበላ ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ስልኩን ከውኃ ኮዳው ጋር አስደግፎ የሌላ ሰው ገበታ እያየ ቢጎርስ ልንፈርድበት አይገባም። በዩቲዩብ የቤት ውስጥ ምግብ አሠራር የሚያስተምሩ እናቶችና እኅቶችም፣ በባዕድ አገር ሆኖ ሽሮ ለማቁላላት ለሚታገለው ትውልድ ታላቅ ባለውለታዎች ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረው የድቁስ፣ የአዋዜና የስልጆ ሙያ እናቱ አጠገቡ ለሌለች ሰው ሁሉ ተዳርሷል።

ስለዚህ ጥያቄው «ምግብ ይታይ ወይስ አይታይ?» የሚል አይደለም። ያ ጥያቄ አልፎበታል። ዛሬ የሚጠየቀው የሚታየው የትኛው እራት ነው? ያሳየው ማን ነው? የሚያየውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ድግስና ቤት ያፈራው

አማርኛችን ለዕለት እራት ያማረ ስም አለው፤ «ቤት ያፈራው»። «ቤት ያፈራውን እንቅመስ» ሲባል ጋባዡ አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አስቀድሞም ኩራቱን ይናገራል። ያለኝ ይኸው ነው፣ ያለኝን ግን አልሸሽግህም ማለቱ ነው።

በስልካችን መስኮት የሚያልፉት እራቶች ግን በአብዛኛው ድግስ እንጂ ቤት ያፈራው አይደሉም። የቅዳሜው ክትፎ ይነሣል፤ የማክሰኞው ሽሮ አይነሣም። የበዓል ዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት ብልቱ ተቆጥሮ ይወጣል፤ የበዓል ማግስት ፍርፍር ግን ይደበቃል። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ውጤቱ ሲደማመር ግን አገሪቱ ስልክ ላይ የምትበላውና ቤቷ ውስጥ የምትበላው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ።

ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ የሚነግሩን ቁጥሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀነጨረ ነበር። በአማራ ክልል ይኸው አኃዝ 46 ከመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አጭር ጥናት የአገሪቱ 37፣ የክልሉ 41 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ በ2016ቱ ጥናት ቢያንስ አራት ዓይነት የምግብ ምድብ ያገኙት 14 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ የተለካው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁም በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የዘይት፣ የበርበሬና የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ አስቤዛ የሚገዛ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ መረጃውን እንዴት እንደሚሰበስቡ ልብ እንበል። የአመጋገብ ስብጥርን የሚለካ ጠያቂ ደጅ አንኳኩቶ የሚያነሣው ዋና ጥያቄ ረቂቅ አይደለም። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የማክሰኞው ሽሮ ቁም ነገር ነው ማለት ነው። ድግሱ የቤቱን ኑሮ አይናገርም፤ የዕለቱ እራት ግን ይናገራል። እኛ የምናሳየው ድግሱን፣ የምንደብቀው እራቱን ሲሆን ስለ ራሳችን የሚናገረውን ማስረጃ በገዛ እጃችን እየሸፈንን ነው።

ወሎና የእራት ሥዕል

ወሎ የምግብ ሥዕል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ወደ ደሴ አውራ ጎዳና ሲፈስስ፣ መንግሥት ጉዳዩን በዝምታ ሊያልፈው ሞከረ። በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢው ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። ተማሪው ተነሣ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረፀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም አወቀ።

ፊልሙ ወደ አገሩ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ብቻውን ግን አልነበረም። በረሃብተኛው መሐል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ሰካበት። ሁለት ገበታዎች በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ቆሙ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው ፊልሙ አይደለም፤ ነገሩ አስቀድሞ በስሎ ነበር። ነገር ግን ደርግ ለመጨረሻው ምት ከመሣሪያዎች ሁሉ የመረጠው የእራት ሥዕል መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። አሁን ተራው የደርግ ሆነና ረሃቡን ሸፈነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የላከው ዘገባ ሽፋኑን ገለጠው። የሌላውን ድግስ ያጋለጠ መንግሥት የራሱን ድግስ ከማሳየት ተቆጠበ።

በሁለቱም ጊዜ አንድ ነገር ተመሳሳይ ነበር። ካሜራውን የያዘው የወሎ ሰው አልነበረም። ገበሬው ተቀረፀ እንጂ አልቀረፀም። ባዶ ትሪው ታየ፤ እርሱ ግን «እንብላ» የማለትም ሆነ «አትዩኝ» የማለት ዕድል አላገኘም። ዛሬም በዩቲዩብ የደሃ ቤት ገብተው፣ ድስት ከፍተው፣ እንባ ቀርፀው ገንዘብ የሚያሰባስቡ አሉ። በጎ ዓላማ ሊኖራቸው ይችላል። ሆኖም የሰውን ድስት መክፈትና ሰውዬው ራሱ ድስቱን ከፍቶ «ይኸው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከከላላ የተላከልኝ ሥዕል የነካኝ ለዚህ ይመስለኛል። ካሜራውን የያዘችው እጅ እንጀራውን የጋገረችው እጅ ነበረች።

እህል በገበያ፣ ረሃብ በቤት

ስለ ወሎ ረሃብ ከተጻፉት ሁሉ በዓለም ላይ ትልቅ ቦታ ያገኘው ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያቀረበው ትንታኔ ነው። ሴን ቁጥሮቹን ሲመረምር ያገኘው አስደንጋጭ ነበር። በአገር ደረጃ የእህል ምርቱ ያን ያህል አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው እጅግ አልናረም። ይባስ ብሎ በደሴ መንገድ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። እህል ነበረ፤ ገበሬው መግዣ አልነበረውም። ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም አጣ።

ይህ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው። የገበያውን መደብር ያየ «ሞልቷል» ይላል። የገበያ ዋጋ ብቻ የሚከታተል ባለሥልጣን ቢሮው ተቀምጦ ሊሳሳት ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ማምሻውን ትሪው ላይ ነው። ሦስት ሰው የሚበላበት ትሪ ላይ ወጡ ሲቀጥን፣ ጤፉ በማሽላ ሲተካ፣ ከዚያም እንጀራው በንፍሮ ሲተካ፣ ማስጠንቀቂያው ከማንኛውም ሪፖርት በፊት እዚያ ተጽፏል። የወሎ እናቶች ይህን ንባብ ያውቁታል። የጎረቤት ጭስ ሲዘገይ ያስተውላሉ። ሕፃን ልኮ እሳት መጫር፣ «ጨው አጥሮኝ ነው» ብሎ ደርሶ መመለስ፣ አንዳንዴ የጎረቤትን ቤት ሳያሳፍሩ ለማየት የተፈጠረ ዘዴ ነበር።

ሴን በሌሎች ሥራዎቹ ነፃ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረሃብ አይደርስም ብሎ ተከራክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚታይ ረሃብ መንግሥትን ያሳፍራል፤ ያፈረ መንግሥት ይሠራል።

መረቡ ሲቋረጥ

እንግዲህ ዛሬ ካሜራ በሁሉም ኪስ ውስጥ ካለ፣ የወሎ ዝምታ ዳግም አይመጣም ብለን ልንጽናና እንችል ይሆን? መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ገደማ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተገድበው ነበር። እገዳው በተነሣ በሳምንታት ውስጥ፣ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ በዋግ ኽምራና በሰሜን ጎንደር ድርቅ ገብቶ ነበር። ባዶ ትሪውን ማሳየት የሚገባው ሰው ማሳያው በተነጠቀበት ወራት፣ የአዲስ አበባው ክትፎ ሳይቋረጥ ሲታይ ከረመ።

ይህን የምለው ማንንም ለመኮነን አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቅዳሜ ክትፎ ስለበላ ጥፋተኛ አይሆንም። ነገር ግን አንድ አገር የሚያየው አንዱን ገበታ ብቻ ሲሆን ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። ያለው ሰው «ሁሉም እንደኔ ይበላል» ብሎ ያምናል። የሌለው ሰው፣ መረቡ ሲመለስለት፣ «ከእኔ በቀር ሁሉም ይበላል» ብሎ ያምናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከሁለተኛው ስሕተት የሚወለደው ቁጣ ግን ወዴት እንደሚያመራ የ1967ቱ መስከረም ነግሮናል።

«ምን በላሽ?»

የእራት ሥዕል ሌላም ፊት አለው። ደቡብ ወሎ ልጆቿን ወደ ዐረብ አገር በብዛት ከሚልኩ አካባቢዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ በጀመረችው የማባረር ዘመቻ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ የወሎ ወጣቶች ከመካከላቸው ጥቂት አልነበሩም። ብዙዎቹ ተመልሰው ሄዱ።

በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከእናቷ ጋር በአይሞ ስትገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «በላሽ? ምን በላሽ?»። ይህ ጥያቄ የምግብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አሠሪዎችሽ ሰዎች ናቸው ወይ? ታመሻል ወይ? ክፍያሽን ይሰጡሻል ወይ? የሚሉትን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይጠይቃል። ልጅቱ የማእድ ቤቱን ሩዝና ዶሮ በስልኳ ታሳያለች። እናት ያን አይታ ትተኛለች። ያ ሩዝ የአሠሪዎቿ እራት ሊሆን ይችላል፤ የእርሷ እራት ትርፍራፊው ሊሆን ይችላል። እናትም የእርሷን ትሪ ስታሳይ፣ ልጇ እንዳትጨነቅ ከጎረቤት የተዋሰችውን እንቁላል ጠብሳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በፍቅር ይዋሻሉ።

ይህ ውሸት ከቦሌው ድግስ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ልጅቱ ያሳየችውን ሩዝ ያየች የጎረቤት ልጅ ነገ ደላላ ትፈልጋለች። እናቱ ያሳየችውን እንቁላል ያየች ልጅ ደግሞ «ተመችቷቸዋል» ብላ የምትልከውን ገንዘብ ልትቀንስ ትችላለች። ቤት ያፈራውን መደበቅ በቅንነት ሲደረግም ሰው ያሳስታል።

ከካሜራው ጀርባ ያለችው

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። በአብዛኛው የእራት ሥዕል ላይ የማትታየው ያበሰለችው ናት። በአገራችን ወጥ መሥራት «ሙያ» ይባላል፤ ሴቲቱም በሙያዋ ትመዘናለች። ድሮ የሚመዝኗት ባል፣ አማትና ጎረቤት ነበሩ። አሁን የማታውቀው ሕዝብ ተጨመረ። ባል ከሥራ ገብቶ የቀረበለትን ትሪ አንሥቶ ሲለጥፍ፣ «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ምስጋና ለርሱ ገጽ ይቆጠራል፤ «ወጡ ቀጥኗል» የሚለው አስተያየት ግን እርሷ ላይ ያርፋል። ወጡ የቀጠነው በበርበሬው ዋጋ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የኑሮ ውድነት የሴት ሙያ ጉድለት ሆኖ ሲታይ ደግሞ፣ ተጠያቂው በቀላሉ ያመልጣል።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ትሪ

የዕለት ምግብን በሐቅ ማሳየት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ከስኮትላንድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርታ ፔይን የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቷ የሚሰጣትን ምሳ በየቀኑ ፎቶ እያነሣች በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረች። ስድብ አልጻፈችም። ምሳው ስንት ጉርሻ እንደሆነ ቆጠረች፤ ለጣዕሙና ለጤናማነቱ ነጥብ ሰጠች። አንድ ቁራጭ ፒዛና አንዲት የድንች ጥብስ የያዘው ትሪ ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ ተናገረ። በሰኔ ወር የአካባቢው ምክር ቤት ፎቶ እንዳታነሣ ከለከላት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ክልከላው በማግስቱ ተነሣ። በዚያው ሰሞን በስሟ ከ100 ሺሕ ፓውንድ በላይ ተሰብስቦ በማላዊ ለሚገኙ ተማሪዎች የምገባ ማእድ ቤት ዋለ።

ልጅቱ ያደረገችው ሦስት ነገር ነው። የራሷን ትሪ አሳየች። በየቀኑ አሳየች። ያየውንም ሰው ወደ ሌላ ሕፃን ትሪ መራችው። ይህ በእኛ ቋንቋ «እንብላ» ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

በዚህ ጸሐፊ እምነት መሶቡን መልሶ መሸፈን አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው የድሮውን ሕግ ለአዲሱ ገበታ ማስተካከል ነው።

አንደኛ፣ የማክሰኞውን እራት ማሳየት እንልመድ። ደመወዝተኛው የከተማ ሰው በወሩ ማብቂያ ምን እንደሚበላ እርስ በርሳችን ብንተያይ፣ እፍረቱ ከያንዳንዳችን ትከሻ ይወርዳል። ሽሮ የበላ ሁሉ ብቻውን ሽሮ የበላ አይምሰለው። ሁለተኛ፣ ለብዙኃኑ ከመለጠፍ ለሰው መላክ ይበልጣል። ለአንድ ሰው የተላከ እራት ግብዣ ነው፤ መልስ ይጠብቃል፤ «አንተስ ምን በላህ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ሦስተኛ፣ የሚያየውን ሰው ማሰብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ሲገቡ፣ ብዙዎች ምግብ ከመለጠፍ በራሳቸው ፈቃድ ተቆጥበው ነበር። ለጾመኛ ያሰብነውን ያህል፣ ጾሙን ያልመረጠውን ሰው ብናስብ ምናለ?

አራተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞችና ለባለሥልጣናቱ ነው። የዋጋ ንረት ሲዘገብ የመቶኛ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከላላ፣ ወግዲ፣ አቀስታ ደውሎ «ትናንት ማታ ምን በላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዘገባ ነው። መንግሥትም መረቡን ሲዘጋ የሚዘጋው የተቃዋሚን አፍ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ። የእናትን «ምን በላሽ?»ም ይዘጋል፤ ራሱ ሊያነበው የሚገባውን ማስጠንቀቂያም ይዘጋል። የ1965ቱ መንግሥት የወደቀው ስላየ አይደለም፤ ላለማየት ስለመረጠ ነው።

በዚያ ማክሰኞ ምሽት ለከላላዋ ዘመዴ «ይባርክላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት አሰብኩና የራሴን ትሪ አነሣሁ። ከትናንት የተረፈ እንጀራ በበርበሬ ተፈርፍሮ፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ሻይ። ለማንም አሳይቼው የማላውቀው ዓይነት እራት ነው። ላኩት፤ ከሥሩም «እንብላ» አልኩ።

መልሱ ሳይቆይ መጣ። «ውይ፣ እናንተም ጋ ፍርፍር ነው እንዴ? እኛ'ኮ አዲስ አበባ በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ነበር የሚመስለን።»